ፓራፋንጎ ከመግጠማችሁ በፊት

ልጆቼ፣ አሮጌ ፒካፕ ፈታታችሁ እንደ አዲስ የምትሰሩ ወጣቶች እየበዛችሁ ነው፣ በጣም ደስ ይለኛል። ብየዳችሁም ቀለማችሁም ቆንጆ ነው። የሚያሳስበኝ ፓራፋንጎ፣ ያ የፊት ጎማውን ከላይና ከጎን የሚሸፍነው ላሜራ፣ ስትገጥሙ ነው፣ ከበሩ ጋር ያለው ክፍተት እኩል አልሆን ሲላችሁ ቶሎ ብላችሁ መዶሻ ወይ ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ) ታነሳላችሁ። ፓራፋንጎ እኮ መጨረሻ አካባቢ የሚገባ ነገር ነው፣ ከስር ያለው ችግር ሁሉ ተጠራቅሞ እሱ ላይ ይታያል እንጂ ችግሩ የሱ ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ መኪናው በራሱ ጎማ ይቁም። ሻንሲው (ሁሉን የሚሸከመው የታችኛው ብረት) መሀሉ ላይ ብቻ ተደግፎ ከሰራችሁት ትንሽ ይለምጣል፣ መሬት ስታወርዱት ያስተካከላችሁት ሁሉ ይለወጣል። ሞተሩም ራዲያተሩም ቦታው ላይ ይሁን። ከዛ ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸውን ጎሚኒዎች (የጎማ ትራሶች) እዩ፣ አንዱ ተጨፍልቆ ከሆነ ጋቢናው አዘንብሏል፣ ይሄ ሳይስተካከል ወደ ፊት አትሂዱ።

ቀጥሎ በር ነው። በሩን ከፍታችሁ ጫፉን በሁለት እጅ ወደ ላይ ግፉት፣ ከተንቀጫቀጨ የማጠፊያው ፒን ተበልቷል ማለት ነው፣ መቀየር አለበት። በሩን ከጋቢናው የኋላና የታች ጠርዝ ጋር ስታስተካክሉ ቁልፉ የሚይዝበትን ብረት ፍቱት፣ አለበለዚያ ሲዘጋ በሩን እያነሳ ያታልላችኋል። የበሩን ጎማ ግን ግጠሙት፣ አዲስ ጎማ በሩን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ያለሱ የለካችሁት ዋጋ የለውም።

አሁን ፓራፋንጎው ይምጣ። ቡሎኖቹን በሙሉ በእጅ ብቻ አስገቡ፣ አንዱንም አታጥብቁ። ሽም የምንላት መሀሏ የተሰነጠቀ ቀጭን ላሜራ ናት፣ ቡሎኑን ሳታወጡ ላላ አድርጋችሁ ከጎን ታስገቧታላችሁ። ዋናው ነገር የቷ ሽም ምን እንደምታንቀሳቅስ ማወቅ ነው። ከበሩ ጋር ያለው ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ የፓራፋንጎው አፍንጫ ከፍ ብሏል፣ ከራዲያተር መያዣው ስር ሽም ቀንሱ፣ ላይ ሰፍቶ ታች ከጠበበ ደግሞ ጨምሩ። ፊት ላይ 3 ሚሊሜትር ስለጨመራችሁ በሩ ጋ 3 ሚሊሜትር አይለወጥም፣ ፓራፋንጎው ከቁመቱ ርዝመቱ ስለሚበልጥ እዛ ጋ የሚታየው ያንሳል፣ ስለዚህ አትደንግጡ። መስታወቱ ስር ባለው ቡሎን ላይ የገባች ሽም የኋላውን ጫፍ ከፍ ታደርጋለች፣ በሩ ስር ያለችው የታችኛዋ ደግሞ ወደ ውጭ ትገፋዋለች። አንድ ቦታ ነክታችሁ ሌላውን ሳታዩ አትለፉ፣ ሁሉም የተያያዘ ነው።

ለመለካት 5 ሚሊሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ብረት) በቂ ነው፣ ለስላሳውን ጭራውን ክፍተቱ ውስጥ አስገብታችሁ ከላይ እስከ ታች ሳብ እያደረጋችሁ እጃችሁ እንዲያዳምጥ አድርጉ፣ የሚይዝበትና የሚላላበት ቦታ ይነግራችኋል። እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካም ሲወጡ ክፍተታቸው ሰፊ ነበር፣ እኔ በጣም ከጠበበ ክፍተት እኩል የሆነ ክፍተት እመርጣለሁ፣ ከበሩ ኋላ ካለው ጋር ከተመሳሰለ ጨርሳችኋል። ስታጠብቁ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ነው፣ ማጥበቁ ራሱ ያንቀሳቅሰዋል፣ ከጠበቀ በኋላ ድጋሚ ለኩ። በሩን መጀመሪያ ስትከፍቱ ጠርዙ ላይ ቴፕ ለጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ አንድ ሰው ከጎን ይይላችሁ፣ ፓራፋንጎው ከበሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ይነካካል።

አሮጌዎቹን ሽሞች ደሞ አትጣሉ በናታችሁ! ስትፈቱ ፎቶ አንሱ፣ የየቦታውን ለየብቻ አስቀምጡ። ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ ምንም አይደለም፣ ሻንሲውም ጋቢናውም እኩል አይደለማ። አዲስ የተገዛ ፓራፋንጎ ቀዳዳው አልገጥም ካለ በሞረድ አስረዝሙት፣ ቡሎን በጉልበት አታስገቡ፣ ላሜራው ይጣመማል።

ይሄ ሁሉ ቀለም ሳይቀባ ነው መሆን ያለበት። ኮፈኑንም ገጥማችሁ መኪናውን ትንሽ ንዱት፣ ተመልሳችሁ እዩት፣ ከተረጋጋ ለቀለም ከመፍታታችሁ በፊት ፓራፋንጎው የሚያርፍበት የማይታይ ቦታ ላይ ሁለቱንም ላሜራ አንድ ላይ የሚበሳ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሁለት ቦታ አውጡ። ከቀለም በኋላ እዛ ውስጥ ፒን ሰክታችሁ ቡሎኑን ስታጠብቁ ቀለሙን ሳትፍቁ እዛው የለካችሁት ቦታ ላይ ይቀመጣል።