ጥያቄና መልስ፦ ሰማይ ላይ ነዳጅ አቀባዮቹ

ጥያቄ፦ “ላኪ ሌዲ 2” የተባለችው ቦምብ ጣይ ሳታርፍ ዓለምን እንደዞረች ይነገራል። ነዳጁን ማን፣ የት ሰጣት?

መልስ፦ የአሜሪካ አየር ኃይል 43ኛ የአየር ላይ ነዳጅ ማቀበያ ስኳድሮን። እሱና 509ኛው በ1948 እ.ኤ.አ. ሲቋቋሙ በአየር ኃይሉ ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደቡ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነበሩ። ኬቢ-29ኤም የሚባሉት አውሮፕላኖቻቸው የቢ-29 ቦምብ ጣዮች ሲሆኑ በቦምብ ማስቀመጫው ቦታ የነዳጅ ታንክ ተገጥሞላቸዋል።

ላኪ ሌዲ 2 ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1949 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ21 ላይ ከቴክሳስ፣ ካርስዌል ተነሥታ ማርች 2 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ22 ላይ እዚያው አረፈች። 94 ሰዓት ከ1 ደቂቃ በረረች፤ 23,452 ማይል ሸፈነች። ነዳጅ የተቀበለችው አራት ጊዜ ነው፦ በአዞረስ፣ በሳዑዲ ዓረቢያዋ ዳህራን፣ በፊሊፒንስና በሃዋይ ሰማይ ላይ።

በታሪክ የሚነሣው የእሷና የአዛዧ የካፒቴን ጄምስ ጋላገር ስም ነው። ነገር ግን ፊሊፒንስ ላይ ነዳጅ ሰጥቶ ወደ ክላርክ ጣቢያ ሲመለስ የነበረ አንድ ኬቢ-29ኤም በመጥፎ አየር ተከስክሶ የበረራ ቡድኑ ዘጠኙም አባላት አልቀዋል። ስለዚህ ክብረ ወሰን የሚጽፍ ሁሉ እነሱን ሊዘላቸው አይገባም።

ጥያቄ፦ የተላከችው እሷ ብቻ ነበረች?

መልስ፦ አይደለም። “ግሎባል ክዊን” በዋዜማው ተነሥታ ነበር፤ ሞተሯ በእሳት ስለተያያዘ አዞረስ ላይ አረፈች።

ጥያቄ፦ ያኔ ቱቦው ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን የሚተላለፈው እንዴት ነበር?

መልስ፦ በገመድ። ዘዴው የእንግሊዛዊው አላን ኮብሃም ኩባንያ ነው። ተቀባዩ ከጅራቱ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለበት የሽቦ ገመድ ይለቃል። አቀባዩም በክብደት የተወጠረ የራሱን ገመድ ለቆ፣ ሁለቱ ገመዶች እስኪጠላለፉ ድረስ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያቋርጣል። መንጠቆው ሲይዝ የአቀባዩ ሠራተኞች የተቀባዩን ገመድ ወደ ውስጥ ጎትተው ከቱቦው ጫፍ ጋር ያስሩታል። ከዚያ አቀባዩ ከፍ ይላል፤ ተቀባዩ ቱቦውን ስቦ ጅራቱ ላይ ካለው መቀበያ ጋር ያገጥማል። ነዳጁ በስበት ኃይል ወደ ታች ይወርዳል።

የዘዴው ትልቁ ድክመት በተቀባዩም ውስጥ ገመድ የሚጎትት ሰው መፈለጉ ነው፤ ባለ አንድ መቀመጫ ተዋጊ አውሮፕላን ይህ የለውም። ቱቦው ጫፍ ላይ ቅርጫት አድርጎ፣ ተቀባዩ በአፍንጫው ወይም በክንፉ ባለ ዘንግ የሚወጋበት ዘዴ በ1949 የመጣው ለዚህ ነው። ቦይንግ ደግሞ ቡም የሚባለውን ጠንካራ የብረት ቧንቧ ሠራ፤ ኦፕሬተሩ በቧንቧው ላይ ባሉ ትንንሽ ክንፎች እየመራ መቀበያው ውስጥ ይከተዋል።

ጥያቄ፦ ኬሲ-97 የተባለው ነዳጅ አቀባይ አውሮፕላን ቡም ካለው ለምን በሌላ አቀባይ፣ በኬሲ-135 ተተካ?

መልስ፦ ቀርፋፋ ስለነበረ ነው። ኬሲ-97 በፕሮፔለር የሚበር ሲሆን፣ ጄቱ ቦምብ ጣይ ቢ-47 ከኋላው ለመቆየት ፍጥነቱን እጅግ መቀነስ ነበረበት። ችግሩ ነዳጅ በገባ ቁጥር መባባሱ ነው፤ አውሮፕላን ሲከብድ አየር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት ይጨምራል። መፍትሔው ሁለቱም ተያይዘው ቁልቁል እየወረዱ መሙላት ነበር፤ አቀባዩ ቁልቁለቱን ተጠቅሞ ይፈጥናል። ሲጨርሱ ግን ብዙ ከፍታ ጠፍቷል፤ ነዳጅ የጠገበው ቦምብ ጣይም መልሶ ለመውጣት ከተቀበለው ላይ ያቃጥላል። ኬሲ-135 በ1957 አገልግሎት ሲጀምር ይህ ሁሉ ቀረ፤ ጄት ከጄት ጋር በአንድ ፍጥነትና ከፍታ ሆነ።

ጥያቄ፦ ተቀባዩ ከመጠን በላይ ቢጠጋስ?

መልስ፦ “ብሬክአዌይ” የሚል ጥሪ ይሰማል። ቡሙ ወዲያው ይላቀቃል፤ አቀባዩ ኃይል ጨምሮ ወደፊትና ወደ ላይ፣ ተቀባዩ ኃይል ቀንሶ ወደ ኋላና ወደ ታች ይሄዳል። ጥሪውን ከሁለቱ የትኛውም ቡድን ሊያሰማ ይችላል፤ የሰማ ሁሉ ሳይጠይቅ ይፈጽማል። ከመጠን በላይ መጠጋት ምን እንደሚያስከትል ጃንዋሪ 17 ቀን 1966 ስፔን ውስጥ ፓሎማሬስ ላይ ታይቷል፦ ቢ-52 ነዳጅ ሊቀበል ከኋላ ፈጥኖ ሲጠጋ ከኬሲ-135 ጋር ተጋጨ። የአቀባዩ አራቱም ሰዎች፣ ከቦምብ ጣዩ ሰባት ሰዎች ሦስቱ ሞቱ፤ አራት የሃይድሮጂን ቦምቦችም ወደቁ።