ንጣፉ ክረምት ሲገባ ለምን ይነሳል?
የግቢ ሥራ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ግቢያችን አያት አካባቢ ነው። ባለፈው መጋቢት ከቤቱ ፊት ያለውን 4 በ6 ሜትር ቦታ በ40 በ40 የሲሚንቶ ንጣፍ አነጠፍነው። ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አሸዋ ብቻ ነው ያለው። ነሐሴ ላይ ዳር ዳሩ ተነሳ፣ መሃሉ ጎድጉዶ ውሃ ያቁራል፤ የተረፈውም ወደ ቤቱ ግድግዳ ይመጣል። አሸዋ ጨምረን መልሰን ብናነጥፈው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ እንዲያውም አሸዋው ያባብሰዋል። ግቢዎ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መጋቢት ላይ አፈሩ በበጋው ደርቆ የተኮማተረበት ጊዜ ነው። ያኔ ያስተካከሉት ወለል ሐምሌ ላይ ውሃ ሲገባው ማበጡ አይቀርም። ዝናቡ መጀመሪያ የሚያገኘው ዳሩን ስለሆነ ዳሩ ቀድሞ ይነሳል፣ መሃሉ እንደ ሳህን ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። አሸዋ ደግሞ በዋልካ መሃል ሲቀመጥ ገንዳ ነው፤ ውሃውን ይዞ አፈሩን ለሳምንታት ያጠጣዋል። ብዙ ሰው ከሥር ሬድ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ብቻ ይደፋል፤ እሱም ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ያው ገንዳ ነው።

መፍትሔው ንጣፉን አንስቶ ጥቁሩን አፈር በሰሌክት (ተመርጦ በሚመጣ፣ በማያብጥ የመሙያ አፈር) መተካት ነው። ጊዜው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቢሆን እንመርጣለን። ያኔ አፈሩ ጭቃም አይደለም፣ ገና አልተሰነጠቀም።

ልኩ እንዲህ ነው። ንጣፉ 4፣ ከሥሩ ያለው አሸዋ 4፣ የተጠቀጠቀው ሰሌክት 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ከሚፈልጉት የላይ ወለል 38 ሳንቲ ሜትር ይቆፍራሉ። በ24 ካሬ ላይ የሚወጣው አፈር 9 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ሲፈታ ወደ 12 ስለሚያድግ ማውጫውን ቀድመው ያስቡበት። የሚገባው ሰሌክት ተጠቅጥቆ 7.2 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 9 ይዘዙ። ሲገዙ በመኪና ሳይሆን በሜትር ኩብ ይነጋገሩ። መኪናው ሲመጣም የጭነቱን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ራስዎ ይለኩ።

የጉድጓዱ ወለልም እንደ ላዩ ከቤቱ እየራቀ ይዘቅዝቅ፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር፣ በ4 ሜትሩ 8 ሳንቲ ሜትር። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። ላዩን አዘቅዝቀው ታቹን ለጥ አድርገው ከተዉት ሰርጎ የገባው ውሃ መውጫ አያገኝም። ዝቅዝቀቱን ሲለኩ በረጅም ርቀት ላይ ከእንጨቱ ውሃ ልክ ይልቅ ውሃ የተሞላ ብርሃን አሳላፊ ጎማ ይታመናል። ብቻ አየር እንዳይቀርበት ጎማውን ዘርግተው አረፋው እስኪያልቅ ይጠብቁ።

ሰሌክቱን በእጅ መጠቅጠቂያ ከሆነ በ10፣ በማሽን ከሆነ በ15 ሳንቲ ሜትር ንብርብር ያስገቡ። ሠላሳውን በአንዴ ደፍቶ ላዩን መምታት ታቹን ላላ አድርጎ ይተወዋል፤ በዓመቱ ይሰምጣል። እርጥበቱን በእጅዎ ይፈትኑት። አንድ እፍኝ ይዘው ይጭመቁ፤ ጣቶችዎን ሲከፍቱ ቅርጹን ይዞ ከቀረ፣ በጣት መታ ሲያደርጉት ሁለት ሦስት ቦታ ከተሰበረ፣ መዳፍዎም ካልረጠበ ልክ ነው። የሚበተን ከሆነ ውሃ ይርጩበት፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ደግሞ ፀሐይ ይምታው።

ዳሩን በሦስት ጎን በኮንክሪት በቆመ ከርብስቶን ይያዙት፤ ማቀፊያ የሌለው ንጣፍ በጎን እየሸሸ ይከፈታል። ታች ባለው ጎን ላይ ግን ውሃው የሚወጣበት ክፍተት ይተዉ። ከዚያ ሁለት ቀጥ ያለ ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) አስተኝተው አሸዋውን በስታጃ (ቀጥ ባለ መላጊያ ዘንግ) ይላጉት፤ ከላጉት በኋላ አይርገጡት። 150 ንጣፍ ይገባል፤ የቀድሞዎቹን ይጠቀሙ፣ ለሚሰበረው 8 ያህል ይጨምሩ። በመካከላቸው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉና ደረቅ ደቃቅ አሸዋ ይጥረጉበት። በሲሚንቶ አይሙሉት። ዋልካ ጥልቅ ስለሆነ 30 ሳንቲ ሜትር እብጠቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። አሸዋ ያለበት ክፍተት ከአፈሩ ጋር ትንሽ ይላወሳል፤ ሲሚንቶ ግን ይሰነጠቃል፣ ንጣፉንም ይዞ ይሰብራል። መኪና የሚገባበት ከሆነ የሰሌክቱ ውፍረት ከ50 ሳንቲ ሜትር አይነስ።

ይህን ሁሉ አድርገው የአሸንዳው ውሃ ንጣፉ ጥግ ላይ የሚወርድ ከሆነ ልፋትዎ ከንቱ ነው። በ100 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 3,000 ሊትር ውሃ ነው። እባክዎ ከማንጠፍዎ በፊት ቱቦውን ወደ ቦይ ያውጡት። የንጣፉም ወለል ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል።

ጥያቄ፦ ገርጂ ነው የምኖረው። ቤቱ ሲያልቅ 60 ካሬ የሚሆን ቦታ ላይ የኪኩዩ ሳር ተከልን። አንዱ ጥግ ሁልጊዜ ቢጫ ነው፣ አቮካዶው ሥር ደግሞ ጭራሽ ራቁቱን ነው። በወር አንዴ በማጭድ ከሥሩ እናጭደዋለን።

መልስ፦ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አቮካዶው ሥር ያለው የፀሐይ ጉዳይ ነው። ኪኩዩም ሰርዶም በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። እዚያ ደጋግሞ መትከል ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጥላ የሚወድ ተክል ያድርጉበት ወይም ጠጠር ያልብሱት።

ቢጫው ጥግ ላይ ባለ 8 ሚሊ ሜትር የፌሮ ብረት ቁራጭ ወደ አፈሩ ይስደዱ። 10 ሳንቲ ሜትር ሳይገባ ገጭ ብሎ ከቆመ ከሥር የግንባታ ፍርስራሽ ተቀብሯል፤ ቤት ካለቀ በኋላ የቀረ ሞርታርና የብሎኬት ስብርባሪ በአፈር መሸፈን የተለመደ ነው። ሥሩ መግቢያ ያጣል፣ ኖራማው ነገርም ሳሩ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር እንዳይወስድ ያደርገዋል። በዩሪያ አይድንም። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው ያውጡት፤ በምትኩ ሦስት እጅ ለም አፈርና አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ ቀላቅለው ይመልሱ። ያልበሰለ ፍግ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል።

ከሥሩ ማጨዱን ደግሞ ዛሬውኑ ይተዉ። ሳሩ የሚመገበው በቅጠሉ ነው፤ በአንዴ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይቁረጡ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይተዉት። በክረምት በየ10 ቀኑ ማጨድ ሊያስፈልግ ይችላል። አዲሱን ቦታ በሰኔ አጋማሽ ይትከሉ፤ ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ፣ ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ሥር ከያዘ በኋላ ለ60 ካሬው 600 ግራም ዩሪያ ይበቃል። ከአንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ይበትኑና ወዲያው ውሃ ያጠጡ። በደረቅ ቅጠል ላይ ተኝቶ ካደረ ያቃጥለዋል።

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ፣ ቀይ አፈር ላይ 3 በ2.5 ሜትር የቆርቆሮ ዕቃ ቤት መሥራት እፈልጋለሁ። ለወለሉ ስንት ሲሚንቶ ይበቃል? ብረትስ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ቀይ አፈር እንደ ዋልካ ስለማያብጥ ሥራዎ ቀላል ነው። የላዩን ሥራ ሥር ያለበት አፈር 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ገፈው ያውጡ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ ይጠቅጥቁ፣ ፕላስቲክ ያንጥፉ፣ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ይሙሉ። 0.75 ሜትር ኩብ ነው። ለ1፡2፡3 ድብልቅ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 6 ከረጢት፣ ከግማሽ ሜትር ኩብ በታች አሸዋ፣ 0.65 ሜትር ኩብ ቁጥር 02 የሚባለውን ጠጠር ይዘዙ። የመለኪያ ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር። ውሃው ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር አይለፍ፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይቀንሱ። ሠራተኛ እንዲቀልለት ውሃ ሲጨምር ኮንክሪቱ ይደክማል፣ ላዩም በኋላ እንደ ዱቄት ይረግፋል።

ብረቱ ባለ 8 ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ነው፤ 12 ሜትር የሆነ 7 ፌሮ ይበቃል። ከአራቱ 2.9 ሜትር የሆኑ 13፣ ከሦስቱ 2.4 ሜትር የሆኑ 15 ቁራጭ ያወጣሉ። ፕላስቲኩ ላይ እንዳይተኛ በየሜትሩ ከሥሩ የድንጋይ ቁራጭ ያድርጉለት።

አንድ ነገር አደራ፦ ወለሉ ከዕቃ ቤቱ አይስፋ። በየሄድንበት የምናየው ስህተት ነው። ወለሉ በአሥር ሳንቲ ሜትር ወጣ ካለ ቆርቆሮውን የመታው ዝናብ በዚያች ጠርዝ ላይ ያርፍና ወደ ውስጥ ይገባል። ቆርቆሮው ከኮንክሪቱ ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይለፍ፣ ውሃው አፈር ላይ ይንጠባጠብ። ከሞሉ በኋላ ሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ ያልብሱት።

ጥያቄ፦ 2,000 ሊትር ሮቶ መሬት ላይ አፈሩን አስተካክሎ ማስቀመጥ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ሲሞላ 2 ቶን ነው፤ አፈሩ በአንድ ጎን ትንሽ ከሰመጠ መቀመጫው ይጣመማል፣ የቱቦው ማያያዣም ይሰነጠቃል። 1.6 በ1.6 ሜትር፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይሥሩለት፤ በላይኛው ድብልቅ 3 ከረጢት ይፈጃል። መቀመጫው ሙሉ ለሙሉ ለጥ ያለ ይሁን፤ በሥሩ የቀረች አንዲት ጠጠር ፕላስቲኩን ትበሳለች። የትርፍ ውሃ መውጫውን ቱቦ ከመሠረቱ ያርቁት፤ ሮቶውንም ኮንክሪቱ ሰባት ቀን ውሃ ሳይጠጣ አይሙሉት።