መልስ፦ ከግቢ ሆኖ ቀስተ ደመናና አውሮፕላን ማንሳት

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ከግቢህ የምታነሳው ቀስተ ደመና ለምን እንደሚፈዝ፣ አውሮፕላኑስ ለምን ጥቁር ነጥብ እንደሚሆን ጠይቀሃል። እኔም ባሕር ዳር ከበረንዳዬ ነው የማነሳው።

የማርያም መቀነት ሁሌም ከፀሐይ ተቃራኒ ነው የሚወጣው። ለፀሐይ ጀርባህን ስጥ። የጭንቅላትህ ጥላ የሚያመለክትበት አቅጣጫ የቀስቱ ክብ መሃል ነው፤ ቀስቱ ከዚያ 42 ዲግሪ ያህል ርቆ ይዞራል። ለዚህ ነው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ቀስቱ ከአድማስ በታች ወርዶ የማይታየው። በክረምት ከ10 ሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ብቅ ስትል ወደ ምሥራቅ ዙር። ስልክህ ላይ ደመናውን ነካ አድርግና ብርሃኑን ትንሽ ቀንሰው፤ ቀለሙ ወዲያው ይደምቃል። ካሜራ ላይ ፖላራይዘር (ሌንስ ፊት የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ካለህ ቀስ እያልክ አዙረው። በአንድ በኩል ያደምቀዋል፣ በሌላው ጭራሽ ያጠፋዋል። እኔ አንዴ ሳላውቅ አጥፍቼው "የት ገባ?" ስል ልጆቹ በሳቅ ሞቱ።

ለአውሮፕላን ግን በተቃራኒው ብርሃኑን ጨምር። ካሜራው በሰማዩ ድምቀት ተሸውዶ ነው ሆዱን የሚያጠቁረው። የስልክ ዙም ብዙም አያዋጣም፤ ሩቁን የሚያቀርብ 300 ሚሊሜትር ሌንስ ካገኘህ ሌላ ነገር ነው። ለጄት ሸተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ አድርገው። ፕሮፔለር ላለው ግን ወደ 1/250 አውርደው፣ አለዚያ ፕሮፔለሩ የቆመ ይመስላል። ጠዋት አንሳ፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ምስሉን ያርገበግበዋል።

ደግሞ አደራ፣ ኤርፖርት አጥር ሥር ሄደህ ካሜራ እንዳታወጣ። ግቢህ ይበቃሃል።