ማኅበር ለምትመሠርቱ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፉት ዓመታት ከደሴም ከኮምቦልቻም ማኅበር ለመመሥረት የምታስቡ ወጣቶች ረቂቅ መተዳደሪያ ደንባችሁን ይዛችሁ ወደ ጥብቅና ቢሮዬ መጥታችኋል። የብዙዎቻችሁ ዓላማ ተመሳሳይ ነው፤ ምርጫው በእውነት ምርጫ፣ ምክር ቤቱ አስፈጻሚውን የሚጠይቅ፣ ፍርድ ቤቱም የማንንም ትእዛዝ የማይጠብቅ እንዲሆን ትፈልጋላችሁ። ይህን ፍላጎታችሁን እወደዋለሁ፣ አከብረዋለሁም። ነገር ግን ደንቦቻችሁን ሳነብ ደጋግሞ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ስላለ፣ ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል የነገርኳችሁን አሰባስቤ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በአብዛኞቹ ደንቦች ስለ ለጋሾችና ስለ ፕሮጀክት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አባላት የተጻፈው ግን ከአንድ ገጽ አያልፍም። መሥራቾቹ ሥራ አመራሩን ይመርጣሉ፣ ሥራ አመራሩ ሥራ አስኪያጁን ይቀጥራል፣ ጠቅላላ ጉባኤው በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ሪፖርት ሰምቶ ይበተናል። አባሉ መሪውን በምን ሁኔታ ከኃላፊነት እንደሚያነሳ፣ የሒሳብ መዝገቡንስ መቼ ማየት እንደሚችል የሚናገር አንቀጽ የለም። እንዲህ ያለ ማኅበር ሹማምንትን ለሕዝብ ተጠያቂ ሁኑ ሲል፣ «እናንተስ ለማን ትጠየቃላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል፤ ጥያቄውን ደግሞ ከባለሥልጣኑ ቀድሞ የሰፈሩ ሰው ያነሳዋል።

እናንተ ልጆች ሳላችሁ የሆነውን ልንገራችሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት፣ በዴሞክራሲና በጾታ እኩልነት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤም ሆነ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳባቸው ታግዶ፣ ሠራተኛ ለመቀነስና ቅርንጫፍ ለመዝጋት ተገደዱ። ሌሎች ብዙዎች ደግሞ ዓላማቸውን ለውጠው ወደ ልማት ሥራ ዞሩ። ሕጉ በደል ነበር፤ ይህን ያኔም ብዬዋለሁ፣ ዛሬም እለዋለሁ። ነገር ግን የውጭው ገንዘብ ሲቆም ማኅበሩን በወር መዋጮው የሚያቆም አባል ያልነበራቸው ብዙዎች እንደነበሩም መርሳት የለብንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ገደብ አንስቷል፣ ድርጅቶችም ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ ፈቅዷል። ሕግ ግን ይወጣል፣ ይሻራልም፤ ስለዚህ መጪው ሕግ ምንም ይሁን ምን ቢሯችሁ እንዳይዘጋ፣ ቢያንስ የቤት ኪራያችሁንና የጽሕፈት ወጪያችሁን ከአባላት መዋጮ እንድትሸፍኑ አጥብቄ እመክራችኋለሁ።

ተጠያቂነትን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ በእኛ አገር ቅሬ አለ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው። በሰፈራችን ቅሬ ስብሰባ ሲደረግ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ገልጦ ያልከፈለውን በስሙ ይጠራል፣ ከዚያም ለለቅሶ የወጣውን፣ ለድንኳን ማሳደሻ የተከፈለውን፣ በካዝና የቀረውን አንድ በአንድ ያነባል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ አግዳሚ ተቀምጦ ይሰማል። አንዲት እናት ከወደ ኋላ ተነስተው «የድስቶቹ ኪራይ የት ገባ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ገንዘብ ያዡ ገጹን መልሶ እስኪያሳያቸው ድረስ ስብሰባው ወደ ሌላ አጀንዳ አላለፈም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባና ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሲሆኑ፣ እህልና ብርድ ልብስ ማሰባሰብ የተቻለው እንዲህ ያለ መተማመን አስቀድሞ ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ቅሬ ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ወጣቱ እምብዛም አይሰማበትም፣ አመራሩም አብዛኛውን ጊዜ በወንዶች እጅ ነው። ደግሞም ቅሬን ወደ ፖለቲካ ጉዳይ እንድትጎትቱት አልመክርም። አዋጅ 1113 ራሱ እድርንና እቁብን አይመለከትም፣ ይህም መልካም ነው። ከቅሬ ውሰዱ የምላችሁ በሰው ፊት የሚነበበውን መዝገብ ነው።

ከተጠያቂነት ቀጥሎ የሚያስፈልጋችሁ ማስረጃ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ መንግሥት ችግሩን ደብቆት ነበር። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደዚህ የመጡ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው በግቢው ለእይታ ሲያቀርቡት ግን የሚክዱት ነገር አልሆነም። የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበርም በነጻ የሕግ አገልግሎቱ ከመጡት ሴቶች ጉዳይ ተነስቶ የቤተሰብ ሕጉ የት ላይ እንደሚበድል አሳይቷል፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የልጃገረዶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ሲያደርሰውና የባልን የበላይነት ሲያስቀር፣ የዚያ ማኅበር ድካም በውስጡ አለበት።

እናንተ ግን አብዛኛውን ጊዜ «የመልካም አስተዳደር ችግር እንዲፈታልን» የሚል ደብዳቤ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ከኮምቦልቻ የመጡ ወጣት ሴቶችም አጀማመራቸው እንዲሁ ነበር። ችግሩ በትክክል ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የማታ ፈረቃ ሲወጡ በጨለማ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። እንግዲያው መንገዱን ሄዳችሁ መዝግቡት አልኳቸው። በደብተር የትኛው ምሰሶ መብራት እንደሌለው፣ ፈረቃው በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ባጃጅ ከየት ወዲያ አልሄድም እንደሚል ጽፈው መጡ። ያንን ከአቤቱታቸው ጋር አያይዘው መዝገብ ቤት ገቢ አደረጉ፣ በቅጂው ላይም ቀንና ገቢ ቁጥር አስጽፈው ማኅተም አስመቱ። በጀት የለም ሲባሉ በጀቱን እንይ አሉ፤ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ እንዳለበት፣ ካልመለሰም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት እንደሚቻል ያውቁ ነበርና። መብራቱ በከፊል ተተከለ። በጀቱ ግን ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው ባለበት እንዲነበብ ያቀረቡት ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም፣ እነርሱም አልተዉትም።

ከመብራት ተነስተው የደረሱበት ጥያቄ፣ ማለትም ነዋሪው በአካባቢው አስተዳደር ላይ ያለው ድምፅ፣ የሁላችሁም እንዲሆን እፈልጋለሁ። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በመላ አገሪቱ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር፤ በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ፣ በ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫም የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች ድምፅ አልተሰጠባቸውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል፤ ቀበሌውን መርጦ የማያውቅ ትውልድ ግን አድጓል። ይህን ጥያቄ አንድ ማኅበር ብቻውን አይሸከመውም። የሴቶች፣ የአካል ጉዳተኞች፣ የመምህራንና የወጣቶች ማኅበራት በአንድ ጽሑፍ ተስማምተው ለክልሉ ምክር ቤትና ለምርጫ ቦርድ ሊያቀርቡት ይገባል። የፓርቲ አመራር የሆነ ሰው ግን በሥራ አመራራችሁ ውስጥ አይቀመጥ፤ ጥያቄያችሁ የአንድ ወገን ጥያቄ ተብሎ የሚጣለው በዚህ ምክንያት ነው።

ያለንበት ጊዜ ለማኅበር ሥራ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ወላጆቻችሁም ስለ እናንተ እንደሚሰጉ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ መንግሥት ቢሮ ስትጠሩ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። የተባላችሁትን በዚያው ቀን በቃለ ጉባኤ አስፍሩ፣ በሚቀጥለውም ስብሰባ ለአባላቱ በሙሉ አንብቡላቸው። ረቂቅ ደንባችሁን ለማሳየት የምትፈልጉ ደግሞ የአባላትን መብት የሚዘረዝረውን ምዕራፍ ከሁሉ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ኑ፤ ያለ ክፍያ አነብላችኋለሁ።