ጭቃ ሲሚንቶን ለምን ይተፋል?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ወላጆቻችን ያሠሩት የቆየ የጭቃ ቤት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የውጭውን ግድግዳ የዶሮ ሽቦ መትተን በሲሚንቶ አስለሰንነው። አምና ክረምት መሰነጣጠቅ ጀመረ፤ ዘንድሮ በትልልቁ እየተገነጠለ ይወድቃል። ለሳኙ «ሲሚንቶው አንሶ ነው፣ አብዝተን እንድገመው» ይላል። እንድገመው? (ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አይድገሙት። የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን ግትር ቅርፊት ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይወጣል፣ በዚያች ዝናብ ይገባል። የገባው ውሃ ግን መውጫ የለውም። ከኋላ ያለው ጭቃ ይላላል፣ ጭዱ ይበሰብሳል፣ ሽቦው ይዝጋል፤ ልስኑም የያዘውን ጭቃ ጭምር ይዞ ይወርዳል። ሲሚንቶ በጨመሩ ቁጥር ቅርፊቱ ይበልጥ ይጠነክራል እንጂ ከጭቃው ጋር አይስማማም።

ግድግዳውን በጣትዎ አጥንት እያንኳኩ ይዙሩት። እንደ ከበሮ የሚጮኸው ቦታ ከጭቃው ተላቋል፤ በጠመኔ ያክብቡት። ማንሳቱን ከዚያ ይጀምሩ፤ መሮውን ከጠርዙ በኩል አስገብቶ መፈልቀቅ ነው። አጥብቆ የያዘውን በመዶሻ አይደብድቡ፤ ንዝረቱ በውስጥ በኩል ያለውን ጭቃ ከማገሩ ያላቅቀዋል። ሽቦውን መንጭቀው ሳይሆን በፒንሳ እየቆረጡ ያውጡት። ሥራው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ ይሁን፤ የተገለጠው ግድግዳ ሦስት አራት ሳምንት ነፋስ ያግኘው።

አፈሩ ቀይ ይሁን። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ጤፍ ይብቀልበት እንጂ ግድግዳ አይለሰንበትም፤ ሲደርቅ እንደ ሐምሌ ማሳ ሳይሆን እንደ ግንቦት ማሳ ይሰነጠቃል። ለመነሻ ሦስት ባልዲ የተነፋ አፈር፣ አንድ ባልዲ አሸዋ፣ አንድ ባልዲ ሙሉ የጤፍ ጭድ ይቀላቅሉ። አፈር ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ቦታ ለስነው አንድ ሳምንት ይጠብቁ። ከተሰነጠቀ አሸዋና ጭድ ይጨምሩ፤ በእጅ ሲያሹት የሚረግፍ ከሆነ አሸዋው በዝቷል።

10 ካሬ ሜትር ግድግዳ በ2 ሴንቲሜትር ውፍረት 200 ሊትር የተዘጋጀ ጭቃ ይፈልጋል፤ በ20 ሊትር ባልዲ 10 ባልዲ ማለት ነው። የላላ አፈር ውሃ ሲያገኝ ስለሚቀንስ 13 ወይም 14 ባልዲ ቢያዘጋጁ አይተርፍዎትም። ጭቃው ቢያንስ 10 ቀን ይቡካ። በየቀኑ ይረገጥ፣ እንዳይደርቅ ይሸፈን። ሲደርስ ይሸታል፣ እጅ ላይም ይለጠፋል። ቀጥሮ አሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳጥሩት ይህንኑ ነው፤ ጠዋት ተቦክቶ ከሰዓት የተመረገ ጭቃ በዓመቱ ሲረግፍ «አፈሩ መጥፎ ነው» ይባላል።

ከመመረጉ በፊት አቧራውን ጠርገው ግድግዳውን በውሃ ያርጥቡት። የመጀመሪያው ምርጊት 2 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ሳይደርቅ ፊቱን ይቧጭሩት፣ ሁለተኛው እንዲይዝበት። ደርቆ ስንጥቁን እስኪያሳይ አንድ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። ሁለተኛው በወንፊት ከተነፋ አፈር፣ በአጭሩ ከተከተፈ ጭድና ከእበት (ለአምስት እጅ ጭቃ አንድ እጅ እበት) ይዘጋጅና ከግማሽ ሴንቲሜትር ብዙም ሳይበልጥ ይለሰን።

ነጭ ከፈለጉ ኖራ ይቀቡ። ኖራውን ወደ ውሃው ይጨምሩ፤ ውሃውን ወደ ኖራው አይድፉ። አሳድረው እንደ ወተት አቅጥነው፣ ግድግዳውን አርጥበው፣ በየቀኑ አንዴ አራት ጊዜ ስስ ስስ አድርገው ይቀቡ። ሲቀባ ውሃ ይመስላል፤ ነጭ የሚሆነው ሲደርቅ ነው፤ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው የሚያወፍሩት ሰዎች ቅርፊት ሆኖ ይነሳባቸዋል። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር አይለይዎት። የዘይት ቀለምም ሆነ የፕላስቲክ ቀለም በውጭው ጭቃ ላይ አይቀቡ፤ እንደ ሲሚንቶው ያፍነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ይመልከቱ። ብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ላይ ኮብልስቶንና አስፋልት በተደራረበ ቁጥር መንገዱ ከፍ ብሎ ቤቱ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። የድንጋዩ ውሃ ልክ (ግድግዳው የተቀመጠበት የድንጋይ መሠረት) ከመሬት በላይ 30 ሴንቲሜትር ካልታየ ጎርፉ ግድግዳውን ከእግሩ እየበላው ነው። በዙሪያው ያለውን አፈር ዝቅ አድርገው፣ መሬቱ ለአንድ ሜትር ተኩል ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ 5 ሴንቲሜትር እንዲያዘቀዝቅ ያድርጉ። የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው 60 ሴንቲሜትር ካልወጣ አሸንዳ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የቤታችን ቋሚዎች ከሥር በስብሰዋል። አንዱ ጥግ 4 ሴንቲሜትር ያህል ሰጥሞ በሩ አይዘጋም። አናጢው አዲስ ባሕር ዛፍ የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ ከጎን ሊቀብርና ዙሪያውን ኮንክሪት ሊሞላ ነው። ያዋጣል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አያዋጣም። እንጨት ሲደርቅ ይቀጥናል፤ በእንጨቱና በኮንክሪቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ውሃ በዚያ ወርዶ ከሥር ይተኛል። ኮንክሪቱ ጽዋ ሆነ ማለት ነው። የተቃጠለ ዘይትም ከላይ ይቀራል፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ምስጥ በስንጥቁ ይገባል።

መፍትሔው እንጨቱን ከአፈር ማውጣት ነው። በመጀመሪያ የትኛው ቋሚ እንደታመመ ይለዩ፤ ሥሩን ቆፈር አድርገው በካቻቢቴ ይውጉት። ያለ ጉልበት አንድ ሴንቲሜትር የሚገባበት በስብሷል። ከዚያ በቋሚው ግራና ቀኝ 12 ሴንቲሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ደጋፊዎች ጣራውን ከተሸከመው አግዳሚ ሥር ያቁሙ። እግራቸው ሰፊ ሳንቃ ላይ ይረፍ፣ በሽብልቅ ይወጠሩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች በአንድ ጊዜ አይነኩም።

የበሰበሰውን ጤናማው እስኪገኝ ይቁረጡ። ከሥሩ 40 በ40፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር የሆነ ኮንክሪት ይሙሉ፤ ለአንድ ጉድጓድ ግማሽ ኩንታል ከሚመዝነው ከረጢት ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለ ሲሚንቶ ይበላል። አናቱ በቅርጽ እንጨት ተይዞ ከመሬት 20 ሴንቲሜትር ከፍ እንዲል ከፈለጉ ለዚያ ጭማሪ ይያዙ። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ እንደ መንታ እጅ ወደ ላይ የቆመ ጠፍጣፋ ብረት ይትከሉበት። አዲሱ የቋሚ እግር በብረቱ መሀል ገብቶ በሁለት ባለ 12 ሚሊሜትር ቡሎን ይታሰር፤ የእንጨቱ ጫፍ ኮንክሪቱን ሳይነካ 5 ሴንቲሜትር ይንጠልጠል። ነፋስ የሚያገኘው በዚያ ነው። ደጋፊው ከ7 ቀን በፊት አይነሳም። ከፈረሰ ቤት የወጣ የሀበሻ ጽድ ካገኙ ከባሕር ዛፍ ይልቅ እሱን ይምረጡ።

የሰጠመውን ጥግ ስለማንሳት፦ በቀን ከ5 ሚሊሜትር በላይ ካነሱ ግድግዳው ይቀደዳል። 4 ሴንቲሜትር ስምንት ቀን ነው። ግድግዳው ካልተሰነጠቀና መስመጡ ከቆመ ግን እኛ ብንሆን ጥጉን ትተን የበሩን መቃን እናስተካክላለን።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባሕር ዳር ያለው የወላጆቼ ቤት ጭቃ ነው፤ ከጀርባው በብሎኬት መታጠቢያና ወጥ ቤት ልንጨምር ነው። ታላቅ ወንድሜ «የድሮው ግድግዳ አንዱን ጎን ይሁን፣ ሦስት ጎን ብቻ እንገንባ» ይላል። ወጪ ይቀንሳል፤ ሐሳቡ እንዴት ነው?

መልስ፦ ታላቅ ወንድምዎ የቆጠቡት ገንዘብ በሁለት ክረምት ይወጣል። ሻወር የሚረጭበት ጭቃ ከውጭ ዝናብ ከሚመታው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ቀን በቀን ነው። አዲሱ ክፍል አራት የራሱ ግድግዳ ይኑረው። ቦታ ካለ በሁለቱ መካከል አንድ ሜትር መተላለፊያ ተዉ፤ ከላይ ጣራ ቢሸፍነው ችግር የለም። ቦታ ከጠበበ 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ይቅርና ዳርና ዳሩ በላሜራ ይዘጋ፤ ላሜራው ግን በአንደኛው ቤት ላይ ብቻ ይመታ። አዲሱ መሠረት በራሱ ጊዜ ስለሚሰጥም ሁለቱን በሚስማር ወይም በፌሮ ማሰር አሮጌውን አብሮ መሳብ ነው።

መሠረት ሲቆፈር ከድሮው ቤት መሠረት በታች አይውረዱ፤ ግድ ከሆነም በአንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር ርዝመት አይበልጥ። አዲሱ ጣራ ከድሮው ክፈፍ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይግባ፣ ውሃው ወደ ውጭ ይፍሰስ። ቆርቆሮ ሲገዛ ቁጥሩ ያነሰው ወፍራም እንደሆነ ለወንድምዎ ያስታውሱ፤ ባለ 28 ከባለ 32 ይበልጣል። ሚስማሩ በጉብታው ላይ ይመታ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ አይመታ። የሽንት ቤቱ ቱቦ 110 ሚሊሜትር ሆኖ በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ይዘቅዝቅ።

ከሩቅ የሚቆጣጠር ሰው ደግሞ ክፍያውን በደረጃ ይክፈለው። የመሠረቱ ጉድጓድ ሳይሞላ፣ ቱቦው ሳይሸፈን ፎቶ ይምጣ። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ፍሳሹ ተደፍኖ ወለሉ በውሃ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይደር፤ በማግስቱ ውሃው ከቀነሰ ወይም ግድግዳው ሥር እርጥበት ከታየ የሚቀጥለው ክፍያ ይቆይ።

ጥያቄ፦ የቤታችንን የድሮ የእንጨት መስኮቶች በአሉሚኒየም ብንቀይርስ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ የታችኛውን አግዳሚ በካቻቢቴ ይውጉት። አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው እሱ ብቻ ነው፤ ጎበዝ አናጢ እሱን ለይቶ ይቀይረዋል። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉት፤ አርጥበው ይፋቁ፣ ልጆችን ያርቁ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ መስኮቱን ከመንካትዎ በፊት የቅርስ መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ይጠይቁ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገን ይከለክላል።