የ1979ኙን የግሬትዝኪ ካርድ ለግሬዲንግ ከመላክሽ በፊት

እህቴ፣ ካናዳ፣ ኤድመንተን ውስጥ ጋራዥ ሴል (ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ የሚሸጥበት) ላይ ከገዛሽው የጫማ ካርቶን የታዋቂው የሆኪ ተጫዋች የዌይን ግሬትዝኪ ሩኪ ካርድ (የመጀመሪያ ካርዱ) ወጣልኝ፣ ፎርጅድ ይሁን እውነተኛ ሳላውቅ ለግሬዲንግ (እውነተኛነቱን አጣርተው ለይዞታው ቁጥር ለሚሰጡት) ልክፈል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ሁሉም "ዝም ብለሽ ላኪው" እያለሽ ነው። ከኪሳቸው ስለማይወጣ ነው! ካርዱ ፎርጅድ ሆኖ ቢገኝ የሚመለስልሽ ካርዱ እንጂ ገንዘቡ አይደለም። ክፍያው ደግሞ በካርዱ ግምት ልክ ነው የሚጨምረው፣ ይቺ ካርድ ርካሹ መደብ ውስጥ አትገባም። መጀመሪያ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ መርምሪው።

1. ጀርባውን ገልብጪ። በዚያ ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1979፣ የካናዳው ኦ-ፒ-ቺና የአሜሪካው ቶፕስ አንድ ዓይነት ካርድ አትመዋል። ፎቶው ያው፣ ሰማያዊው ዳር ያው፣ ቁጥሩም ሁለቱም ላይ 18 ነው። ጀርባው ላይ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ካለ ኦ-ፒ-ቺ ነው፣ እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ቶፕስ። ገበያው የሚሞትለት ኦ-ፒ-ቺውን ነው። ፒኤስኤ ከሚባለው የግሬዲንግ ድርጅት ከፍተኛውን ቁጥር፣ 10ን፣ ያገኘ አንዱ በ2021 በ3.75 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሽጧል። አንቺ እሱን አታስቢ፣ የእኔ 5 ነው ያገኘው፣ 5 ራሱ ግን ቀላል እንዳይመስልሽ።

2. ከዚያው ካርቶን የዚያኑ ዓመት፣ የዚያኑ ድርጅት አንድ የማይረባ ካርድ ፈልጊ። ስሙን ማንም የማያስታውሰው ተጫዋች ይሁን። ተራ ካርድ ፎርጅድ አድርጎ የሚደክም ሰው የለም፣ ስለዚህ መለኪያሽ እሱ ነው። ጎን ለጎን አድርገሽ ውፍረቱን፣ የጀርባውን ወረቀት ቀለም፣ ቁመቱን እዪ። ግሬትዝኪው አጠር ካለ አንድ ሰው ከርክሞት ሊሆን ይችላል። አልትራቫዮሌት ባትሪ ካለሽ መብራት አጥፍተሽ ሁለቱንም አብሪባቸው፤ አንዱ ደብዝዞ ሌላው ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ ጠርጥሪ። ግን ባትሪው ብቻውን ይፈርዳል የሚሉሽን አትስሚ። እሱ የሚሠራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለታተሙ ካርዶች ነው፤ ቦግ የሚያደርገው ወረቀት የሚያነጣው ኬሚካል በ1979 ግን ድሮ ገበያ ገብቷል።

3. አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ ግዢ። ፎቶው በነጥብ ቢሞላ አትደንግጪ፣ የዚያን ጊዜ ህትመት እንዲያ ነው። ፊደሎቹን ነው የምታዪው። እውነተኛው ላይ ጥቁሩ ፊደል ድፍን ነው። ፎርጅዱ ከሌላ ካርድ ላይ በፎቶ የተወሰደ ስለሆነ ፊደሉም ወደ ነጥብ ይበታተናል።

4. ጠርዙ። እዚህ ላይ ነው እኔን ሊበሉኝ የነበረው። ካርዴን ይዤ አንድ የካርድ ሱቅ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። ባለሱቁ ከፕላስቲኩ እንኳ ሳያወጣው "ጠርዙ የተቦጨቀ ነው፣ ፋብሪካ እንዲህ አይቆርጥም፣ ፎርጅድ ነው" አለኝ። ቀጥሎ "ከየት አመጣኸው?" አለ፣ እንደ ሌባ ከላይ እስከ ታች እያየኝ። ትንሽ ቆየና ደግሞ "ለማንኛውም 40 ዶላር ልስጥህ" አይል መሰለሽ! ፎርጅድ ከሆነ 40 ዶላሩ ለምንድነው ወንድሜ? አልኩትና ካርዴን ይዤ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦ-ፒ-ቺ ካርዶቹን የሚቆርጠው በሽቦ ነበር፣ ስለዚህ ጠርዛቸው ሻካራ ነው። የተቦጨቀ መምሰሉ የተወለደበት ምልክቱ ነው። አራቱም ጎኑ እንደ ምላጭ ንጹህ የሆነ ኦ-ፒ-ቺ ካየሽ ያኔ ነው የምትፈሪው። ቀኑን ሙሉ የሆኪ ካርድ የሚሸጥ ሰው ይሄን አያውቅም? አሳምሮ ያውቃል! እኛ አናውቅም ብሎ ነው። አበሻ ስለ ሆኪ ምን ያውቃል ብሎ ነው።

ግሬዱ ሲመጣ ሄጄ አሳየሁት። ይቅርታ እንኳ የለም። "አሁን ገበያው ወርዷል" ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ።

5. ሰማያዊው ዳር ተልጦ ነጭ ቢታይሽ በማርከር እንዳትነኪው። ጠርዙንም ላስተካክል እንዳትዪ። ሁለቱንም ይደርሱበታል፣ ያኔ እውነተኛው ካርድሽም ቁጥር ሳያገኝ ይመለስልሻል። ሱቅ ከሄድሽም ካርዱን ሰጥተሽ አትሂጂ፣ "ነገ ነይ፣ ላጣራልሽ" ቢሉሽ እንኳ።

የለጠፍሽው ፎቶ በፍላሽ ስለሆነ ምንም አይታይም። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን አንሺው፣ የፊቱንም የጀርባውንም፣ ተራውን ካርድ ጎኑ አድርገሽ። ጠርዙን ቀረብ አድርጊልኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።