የማይፈለግ የስልክ ጥሪ፦ ጋሽ መስመርን ጠይቁ

አስተናጋጅ፦ እንደምን አመሻችሁ የሰፈር ልጆች። ዛሬ ቤት ድረስ እየደወሉ ቁም ስቅላችንን ስለሚያሳዩን ሻጮች ነው የምናወራው። መልስ የሚሰጡን ጋሽ መስመር ናቸው። ለማታውቋቸው፣ ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር የተዘረጋውን የስልክ ገመድ ሲጠግኑ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። ከጡረታ በኋላ ደግሞ አንድ ቤት ሻጭ ድርጅት ውስጥ የመደወያ ማሽን ተክለዋል።

ጋሽ መስመር፦ እሱን ባትጠቅሰው ምን ነበረበት። አዎ፣ ተክያለሁ። ንስሐ ልገባ ነው የመጣሁት በሉ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ የማታውቁት ቁጥር ጠርቶ ከተዘጋ መልሳችሁ አትደውሉ። ዛሬ አሥር ጊዜ እንደምደግመው ከወዲሁ አውቃለሁ።

የቢኒ እናት፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሽ መስመር። የቤት ስልኬ በቀን ሦስት አራቴ ይጠራል። ሳነሳው ጭጭ። "ሃሎ፣ ሃሎ" እላለሁ፣ ዝም። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ልጅ ከእንቅልፏ እንደባነነች "ሃሎ፣ ደህና ዋሉ?" ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳያናግረኝ ይዘጋል። ጎረቤቴ "ሌባ ነው፣ ቤት ሰው መኖሩን እያጣራ ነው" ብላ አስደንግጣኛለች።

ጋሽ መስመር፦ ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። እንዲህ ተደጋግሞ መጨረሻ ላይ ሻጭ ከመጣች ሌባ አይደለም፣ ማሽን ነው። ይኼ የኔ ጥያቄ ስለሆነ ላስረዝመው ነው፣ ታገሱኝ። ድሮ ደዋዮቹ ቁጥሩን በጣታቸው ነበር የሚመቱት፤ ዛሬም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። ግን ብዙ ሰው ስልክ አያነሳም። ባለቤቱ ደግሞ ለልጅቷ የሚከፍላት የጥሪ ድምፅ እንድታዳምጥለት አይደለም። ስለዚህ ማሽኑ ለአንዲት ልጅ ሦስት አራት ቁጥር ባንዴ ይደውላል። ቀድሞ ያነሳው ይገናኛል። ሁለተኛው ሲያነሳ ልጅቷ ተይዛለች፤ ነፃ እስክትሆን ያስጠብቀዋል፣ ካልሆነችም ይዘጋበታል። ያ ዝምታ ማለት እርስዎ ወረፋ ላይ ነዎት ማለት ነው። በገዛ ቤትዎ፣ በገዛ ስልክዎ፣ ራሳቸው ደውለው ያሰልፉዎታል! እኔ ስተክለው "ለአንድ ደዋይ ስንት ቁጥር ይደወል?" የሚል ቦታ ነበረው። ሁለት ብዬ ሞላሁ። ማታ አለቃው ገብቶ አምስት አደረገው። በሳምንቱ የራሴ የቤት ስልክ ጠራ፣ አነሳሁ፣ ጭጭ። ያን ቀን ራቴ አልወረደልኝም።
የሚያደርጉት ይኼ ነው። አንዴ "ሃሎ" ይበሉ። በልብዎ እስከ ሦስት ይቁጠሩ። መልስ ከሌለ ይዝጉት። የሚፈልግዎ ሰው ከሆነ ራሱ ይደውላል። ቁጥር የሚያሳይ ስልክ ቢኖርዎትም መልሰው አይደውሉ።

ሚኪ ፒያሳ፦ ጋሼ እኔ ብሎክ እያደረግኩ ሰለቸኝ። ዛሬ አንዷን ስዘጋ ነገ በሌላ ቁጥር "ጥቂት ቅድመ ክፍያ ከፍለው የቤት ባለቤት ይሁኑ" ይሉኛል። ለቅድመ ክፍያ ቀርቶ ለወር ኪራዩም ተበድሬ ነው የምከፍለው!

ጋሽ መስመር፦ ብሎክ ቁጥሩን ነው የሚዘጋው፣ ሰውየውን አይደለም። ሲም ካርድ እንደ ካልሲ ነው የሚቀያይሩት፤ 09ኙን ስትዘጋ በ07 ይመጣሉ። ይልቅ ልጠይቅህ፣ ስታነሳ ምን ትላቸዋለህ?

ሚኪ ፒያሳ፦ ያው "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በኋላ" ነዋ።

ጋሽ መስመር፦ ይኸው! ይኼን ነበር የምጠብቀው። ስሙኝ ሁላችሁም። ደዋይዋ ፊት ለፊት ዝርዝር አለ። ከስምህ ጎን የምትሞላው ቦታ አለ፦ "አላነሳም"፣ "አይፈልግም"፣ "ይደወልለት"። አንተ ስብሰባ ላይ ነኝ ስትል ምኑ ላይ ነው የምትጽፍህ? "ይደወልለት" ላይ። ቀጠሮ ሰጥተሃታል እኮ! "እሺ አስብበታለሁ" ስትላት ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ትኩስ ደንበኛ ሆነህ ለአለቃዋ ትተላለፋለህ። የኛ ሰው "አልፈልግም" ማለት ነውር ይመስለዋል። የማያውቃትን ልጅ ላለማስቀየም ብሎ ይዋሻል፣ ከዚያ ስድስት ወር ይደወልለታል። ይሉኝታ ነው የሚያስደውልብን። እንዲህ በሉ፦ "አልፈልግም። ከዝርዝራችሁ ሰርዙኝ። ደግማችሁ አትደውሉ።" ጨርሳችሁ ዝጉ። ምክንያት አትስጡ። ብር የለኝም ካላችሁ ብድር እናመቻቻለን ትላለች። ቤት አለኝ ካላችሁ ለልጅዎ ትላለች። ለእያንዳንዱ ምክንያት መልሱ ጽሑፍ ሆኖ ተሰጥቷታል፣ እኔ ራሴ ነኝ አትሜ ያከፋፈልኩት።

ሴልሷ፦ እኔ ይኼን ሥራ እየሠራሁ ነው ጋሼ፣ እውነታቸውን ነው። "ስብሰባ ላይ ነኝ" ያለውን ሰው ካልደወልኩለት እጠየቃለሁ። በቁርጥ አልፈልግም ያለኝን ግን ደስ ብሎኝ ነው የምሰርዘው፣ ጊዜዬን አልበላብኝማ። እባካችሁ ስድቡን ብቻ ተዉት። ደመወዛችን ኮሚሽን ነው፤ ካልሸጥን ባዶ እጃችንን ነን።

ቀበና ማዶ፦ ታዲያ ቁርስ ላይ ስትደውሉ ምን ልበል፣ ላመስግን? እኔ እሳደባለሁ። ይውጣልኝ።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ ወንድሜ ልጅቷ እንጀራዋን ነው። ድርጅቱን ስደብ።

ቀበና ማዶ፦ ድርጅቱ ስልክ አያነሳማ!

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ ደግሞ እኮ ሰው የሚናደደው ዋጋውን ሲሰማ ነው። በካሬ የሚጠሩት ብር የስልክ ቁጥር ነው የሚያክለው። እኛ ከሰፈራችን ተነስተን ዳር ወጣን፣ አሁን እዚያው ፒያሳ ላይ ያለ ፎቅ ግዙ ብለው ይደውሉልናል...

አስተናጋጅ፦ ስለ ቤት ዋጋ ሌላ ቀን። ወደ ጥያቄው።

ተሜ፦ ትሩኮለር ልጫን?

ጋሽ መስመር፦ ከፈለግህ። ብዙ ሰው "ሻጭ" ብሎ ያስመዘገበውን ቁጥር ያሳይሃል። አዲስ ሲም ግን አያውቅም። ስትጭነው ምን ምን ፍቀድልኝ እንደሚልህ እያነበብክ ፍቀድ። በቃ።

ተሜ፦ አይፎን ላይስ ያልተመዘገበ ቁጥር እንዳይጠራ ማድረግ ይቻላል?

ጋሽ መስመር፦ ይቻላል፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አለው። ከትምህርት ቤት ተደውሎ ልጅህ ወደቀ ሲሉህም ግን አይጠራም። አንተ ልጅ የለህም፣ አድርገው።

ካዛንቺስ ዘመም፦ እኔን የሚገርመኝ ስሜን ከነአባቴ ያውቁታል። ቴሌ ነው የሚሸጣቸው አይደል?

ጋሽ መስመር፦ ሁሉም ይኼን ይለኛል። ሰውን ያለማስረጃ አትወንጅል። ይልቅ ዛሬ ስንት ቦታ ጻፍከው? አንድ ፎቅ በር ላይ ቆመህ የዘበኛውን ደብተር አስበው። ጠርዙ የታጠፈ፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረ። "ስም፣ ስልክ፣ የገባበት ሰዓት"። ከላይህ የሃያ ሰው ስም ከነስልኩ ተዘርግቷል። አንድ ሰው ገጹን በሞባይሉ ፎቶ ለማንሳት ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? ደብተሩ ሲያልቅስ የት ነው የሚሄደው? እኔ ቆሎ የተጠቀለለበት አይቻለሁ። ከዚያ የባዛሩ ዕጣ አለ። በበዓል ሰሞን "ሞልተው ይሸለሙ" የምትባለዋ ወረቀት። ማቀዝቀዣ የደረሰው ሰው አላየሁም፣ ስልክ የተደወለለት ግን ሞልቷል። ከዚያ ደላላ። ለደላላ አንዴ ቁጥር ከሰጠህ በቃ፣ ለከተማው ሁሉ ሰጥተሃል። የቤት ስልክ ያላችሁ ደግሞ ብዙዎቻችሁ በድሮው የስልክ ማውጫ ላይ ከነስማችሁ ታትማችኋል።
እኔ ምን አደርጋለሁ? ሁለተኛ ሲም አለኝ። ለዘበኛ፣ ለባዛር፣ ለደላላ የምሰጠው እሱን ነው። መሳቢያ ውስጥ ድምፁ ተዘግቶ ይኖራል። እሁድ እሁድ አየዋለሁ።

ቀበና ማዶ፦ የኛ ማዘር ሲሰለቻት የቤት ስልኩን እጀታ አንስታ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች። ዳንቴል ታለብሰዋለች ደግሞ። ጥሩ ዘዴ አይደለም?

ጋሽ መስመር፦ አይደለም! ይኼን ነገር ለስንት ሰው ልንገር? የቤት ስልክ ገመድ ላይ ሁልጊዜ 48 ቮልት አለ፣ መስመሮቹ ሁሉ ከሚገናኙበት የስልክ ማዕከል ባትሪ የሚመጣ። ድሮ ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ስልኩ የሚሠራው ለዚህ ነበር። እጀታው ሲነሳ ኃይሉ መፍሰስ ይጀምራል፣ ማዕከሉም "ይኼ ሰው ሊደውል ነው" ብሎ ድምፅ ይሰጣል። ካልደወላችሁ መጀመሪያ ይቆራረጣል፣ ቀጥሎ ይጮኻል፣ መጨረሻ ዝም ይላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚደውልላችሁ ሰው የሚሰማው ተይዟል የሚለውን ነው። የመደወያ ማሽን ደግሞ የተያዘ ስልክ ሲያገኝ ምን ይላል? "ሰው ቤት አለ!" ይላል። ላልተነሳ ስልክ በማግስቱ ወይም ማታ ይመለሳል፤ ለተያዘ ስልክ ግን ከደቂቃዎች በኋላ። እኔው ነኝ እንደዚያ ያስተካከልኩት። እናትህ እጀታውን ስታነሳ እየጠራቻቸው ነው። ይልቅ ሶኬቱን ንቀሉት። ያኔ ለደዋዩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ማንም የለም። ወይም ከስልኩ ሥር ወይም ጎኑ ላይ የድምፅ መቀነሻ ብዙዎቹ አላቸው፣ ዝቅ አድርጉት።
ስትነቅሉ ግን ባዶውን ሽቦ አትንኩ። ሲጠራ ቮልቱ ወደ 90 ይጠጋል። አንድ ቀን ቸርችል ጎዳና ላይ፣ የስልክ እንጨት ላይ ተሰቅዬ ሽቦ በጥርሴ ስልጥ ጥሪ መጣ። ማን እንደደወለ እስካሁን አላወቅኩም፣ እግዜር ይይለት።

ሰላም ለሁላችሁ፦ ጋሼ ስልክ በጣም እያስቸገረኝ ነው ምን ላድርግ?

ጋሽ መስመር፦ የቤት ነው የሞባይል? ጥሪ ነው መልእክት? ሻጭ ነው አጭበርባሪ? "ሐኪም፣ አሞኛል" ብሎ ዝም ማለት እኮ ነው።

ሰላም ለሁላችሁ፦ የሞባይል። "ከባንክ ነው፣ የላክንልዎትን ቁጥር ይንገሩን" ይላሉ።

ጋሽ መስመር፦ እና ይኼ ሻጭ ነው? ሌባ ነው! የማረጋገጫ ቁጥርና ፒን ለማንም አይነገርም። ለባንክም፣ ለቴሌም፣ ለኔም። ዝጋው፣ ባንክህ ራስህ በምታውቀው ቁጥር ደውል። በደወለልህ ቁጥር መልሰህ አትደውል። ሦስተኛዬ ነው።

ካዛንቺስ ዘመም፦ ሕግ የለም ወይ በዚህ አገር?

ጋሽ መስመር፦ ጠበቃ አይደለሁም፣ ያነበብኩትን ልንገርህ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚያ በፊት የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የማስታወቂያ መልእክት ማሰራጨትን ከ3 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራትና ከ30 ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ያስቀጣል ብሏል። እሱ ግን ስለ መልእክት ነው የሚያወራው፣ ስለ ጥሪ አይደለም፣ ልዩ ሁኔታዎችም አሉት። አቤት ልትል ከሆነ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ የድርጅት ስም ጽፈህ ያዝ። "ብዙ ጊዜ ይደውላሉ" ብለህ ብትሄድ ማንም አይሰማህም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ አሜሪካ ነኝ ጋሼ። እማዬ እዚህ ቤት የቤት ስልክ አላት፣ ቀኑን ሙሉ የመኪና ዋስትና፣ የጤና መድን ይሏታል። እንግሊዝኛ ስለማትችል "የስ፣ የስ" ትላቸዋለች።

ጋሽ መስመር፦ እዚያማ መዝገብ አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተ ነው፣ አትደውሉልኝ የሚባልበት፣ ነፃ። ከራሷ ስልክ ላይ ሆነሽ 1-888-382-1222 ደውለሽ አስመዝግቢያት። ሻጮቹ እስከ 31 ቀን ጊዜ አላቸው። ምጽዋት ጠያቂ፣ ፖለቲከኛና መጠይቅ የሚያደርግ ግን አይከለከልም። አጭበርባሪ ደግሞ መዝገብ አይቶ አያውቅም። ለእማማ አንድ ቃል አስተምሪያት፦ "ኖ"። ብላ ትዝጋ።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ በአማርኛም ያው "ኖ" አይደል የምንለው? "እምቢ" ያለ ሰው ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ቀበና ማዶ፦ አንተ ደግሞ ቋንቋ ልታስተምር ነው?

ሚኪ ካፌ፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ብሎክ ሳደርግ በሌላ ቁጥር ይደውላሉ፣ ምን ይሻላል?

ጋሽ መስመር፦ ወደ ላይ አንብብ።

ሚኪ ካፌ፦ ረጅም ነው ጋሼ።

ጋሽ መስመር፦ እንግዲያው ሲደውሉልህ ረጅሙን አውራቸው። አስተናጋጅ፣ ሌላ ጥያቄ ከሌለ ልሂድ፣ ዜና ደርሷል።

የቢኒ እናት፦ አንዴ ጋሽ መስመር። ሶኬቱን ልንቀል ቡፌውን አስጠግቼ ነበር። ከጀርባው ሁለት ገመድ አለ። ቀጭኑ ነው ወፍራሙ?

ጋሽ መስመር፦ ቀጭኑ። ጫፉ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለችው፣ ጫን አድርገው ይሳቡ። ወፍራሙን አይንኩ።

የቢኒ እናት፦ ወፍራሙን ነቅዬዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ልጆቹ እየጮሁብኝ ነው። ስልኩ ደግሞ ይኸው እየጠራ ነው።

ጋሽ መስመር፦ አያንሱት። ወፍራሙን መልሰው ይሰኩ፣ ከዚያ ቀጭኑን ይንቀሉ።